«ካሪኩለም ውስጥ ይግባ» እንላለን፤ ግን ልጅቷ ለማን ትናገር?

በየጥቂት ወሩ የሚደጋገም ነገር አለ። አንዲት ተማሪ ላይ የደረሰ ጥቃት ይሰማና ፌስቡኩም ቲክቶኩም በእሱ ይሞላል። ሁለት ቀን ፕሮፋይል ይቀየራል፣ ሻማ ይበራል፣ «ፍትሕ» እየተባለ ሼር ይደረጋል። በሦስተኛው ቀን ሰከን ያሉ ሰዎች ይመጡና «ይሄ ነገር ከታች ጀምሮ ካሪኩለም ውስጥ ካልገባ አይለወጥም» ብለው ይጽፋሉ። ሁላችንም ላይክ እናደርጋለን። በአራተኛው ቀን ሌላ አጀንዳ ይመጣል።

አባባሉ ልክ ነው። ግን ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቅም። የትኛው የትምህርት ዓይነት ውስጥ ይግባ? ስንተኛ ክፍል ላይ? ማን ያስተምረው? ደግሞ ልጅቷ ተምራው፣ ገብቷት፣ ከዚያ በኋላ ትንኮሳ ሲደርስባት ሰኞ ጠዋት የማንን ቢሮ ታንኳኳ? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ከራሴ ልጀምር። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ወንዶቹ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንቆም ነበር። ከሰልፍ በፊት ያለችው ሃያ ደቂቃ የእኛ ነበረች። የሚያልፉትን ሴቶች መልከፍ፣ ቦርሳ መጎተት፣ ቅጽል ስም ማውጣት፤ ደፈር ያለው ደግሞ እጁን ይሰዳል። እኔ እጄን ሰድጄ አላውቅም። እስቅ ነበር። በዚያ ዕድሜ መሳቅ ምንም አለማድረግ ይመስለኝ ነበር።

ክፍላችን ውስጥ ሁልጊዜ የምታረፍድ ልጅ ነበረች። ደወል ተደውሎ በሩ ሊዘጋ ሲል ነው የምትደርሰው። ዩኒት ሊደሩ አርፋጆችን በር ላይ ያንበረክካል፤ እሷም ከነዩኒፎርሟ ኮረቱ ላይ ትንበረከካለች። ሲደጋገም «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ተባለች። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ጭራሽ ቀረች። «ለትምህርት ግድ የላትም» ተባለና ተረሳች።

ከዓመታት በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። የድሮ ወሬ ስናነሳ በቀልድ «አንቺ እኮ ማርፈድ ትወጂ ነበር» አልኳት። «እናንተ እስክትገቡ እኮ ነው የምጠብቀው» አለችኝ። ከትምህርት ቤቱ ከፍ ብሎ ካለ ሱቅ ጀርባ ቆማ ደወሉን ትጠብቅ ነበር። እኛ ስንገባ እሷ ትመጣለች፤ ከዚያ ትንበረከካለች።

እስቲ አስቡት፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የዚህች ልጅ ታሪክ ምንድን ነው? «አርፋጅ»፣ ከዚያ «ያቋረጠች»። ማርፈድ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ለምን እንዳረፈደች የሚጻፍበት የለም። እኛ በሩ ላይ የነበርነው ደግሞ አንድም ቀን አርፍደን ስለማናውቅ ስማችን ንጹሕ ነው። የሥነ ምግባር ምልክታችን ጥሩ ነበር!

ስም ያልወጣለት ነገር

ትምህርት የግድ የሚያስፈልግበት የመጀመሪያው ቦታ ቃሉ ነው።

ቤታችን ውስጥ፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለን ቃል «ለከፋ» ነው። ለከፋ ስንል ግማሹ ጨዋታ፣ ግማሹ የፍቅር መጀመሪያ ይመስለናል። «ዝም ካሉሽማ አስቀይመሻል ማለት ነው» ብለው የሚቀልዱ አክስቶች አሉን። «እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» የሚል ታላቅ ወንድምም አለን። በሌላ በኩል «ጾታዊ ትንኮሳ» የሚል ቃል አለ፤ እሱ ግን ሪፖርት ላይና የሥልጠና አዳራሽ ውስጥ የሚኖር ቃል ነው። የ14 ዓመት ልጅ ቤቷ ገብታ «እማ፣ ጾታዊ ትንኮሳ ደረሰብኝ» አትልም። «አስቸገሩኝ» ትላለች። ወይም «ራሴን አሞኛል፣ ዛሬ አልሄድም» ትላለች።

ከሁሉም የከበደው ቃል ደግሞ «መደፈር» ነው። ደፈረ ማለት አንድም ጀግነ፣ አንድም ናቀ፣ አንድም ያንን ወንጀል ፈጸመ ማለት ነው። አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ፊልም ሲሆን ርዕሱ «ድፍረት» የተባለው ሁለቱንም ስለሚይዝ ነው። ቃሉ እንደዚህ ስለተሠራ በየዜናው «ተደፈረች» ሲባል ክብሯ የተነካው፣ አንገቷን መድፋት ያለባት እሷ ናት የሚመስለው። የፈጸመው ሰው ግን ከቃሉ ውስጥ «ደፋር» ሆኖ ይወጣል። ቋንቋችን ላይ እየፈረድኩ አይደለም። ግን ይሄንን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያፍታታ መምህር ያስፈልጋል፤ ቲክቶክ ላይ አይፈታም።

መጽሐፉ ምን ይላል?

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የ1986ቱን ተክቷል። ከእሱ ጋር የመጣው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክፍል አደረጃጀቱን 6-2-4 አድርጎ ለታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብን፣ ከፍ ላሉት የዜግነት ትምህርትን ይዞ መጥቷል። ባዮሎጂ ላይ ሥነ ተዋልዶ አለ። ስለዚህ «ቦታ የለም» የሚለው ሰበብ አይሠራም። አዲስ የትምህርት ዓይነት መጨመር አያስፈልግም። ባለው ውስጥ ይገባል።

ጥያቄው በምን መልኩ ይገባል የሚለው ነው። ግብረ ገብን የምናውቀው በአክብሮት፣ በታማኝነት፣ በትሕትና ነው። ጥሩ ናቸው። ግን አንድ የምንሸሸው ነገር አለ፦ ልጅን «ታላቅህን አክብር፣ መምህርህን ታዘዝ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል» ብለን እናሳድጋለን። ትንኮሳውን የሚፈጽመው ራሱ ታላቁ፣ ራሱ መምህሩ፣ ራሱ ጎረቤቱ ሲሆን ምን እንድታደርግ ነው ያስተማርናት? ለዚያ ጊዜ የሚሆን ትምህርት አልሰጠናትም። መታዘዝን ብቻ ያስተማረ ግብረ ገብ ለአጥቂው ሥራ ያቀልለታል። ጠንከር ያለ አነጋገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አላነሳውም።

ሁለተኛ ክፍል ላይ ያለች ልጅ ማወቅ የሚገባት ትንሽ ነገር ነው። ሰውነቷ የራሷ መሆኑን፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ብሎ የሚነካት ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሚስጥሩን መጠበቅ እንደሌለባት። ወንዱም እንደዚሁ፤ ወንድ ልጅም ይነካል፣ እሱ ደግሞ «ወንድ አይደለህም እንዴ» ስለሚባል ይበልጥ ዝም ይላል። ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ያንን የትምህርት ቤት በር ክፍል ውስጥ ማምጣት ይቻላል። «ለምን ትቆማላችሁ? እህታችሁ ብታልፍስ?» ብሎ ማሳፈር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም «እህቴ አይደለችም» የሚል መልስ አለው። «እሷ የት ቆማ ደወል እንደምትጠብቅ ታውቃላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እኔን እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ መሳቁን አቆም ነበር ብዬ አስባለሁ። ምናልባት።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስልኩ ይመጣል። የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ፣ ተሰርቆ የተነሳ ፎቶ፣ «ካላወራሽኝ እለቀዋለሁ»። ይሄንን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጽሑፍ፣ ቪዲዮ ወይም ምስል በማሰራጨት ሰውን ከባድ ጉዳት አደርስብሃለሁ ብሎ ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ላይ ማይክሮሶፍት ዎርድ ከመማር ይሄ ቢቀድም ምን ይጎድላል?

አንድ እውነት ግን አለ፤ ሁላችንም አይተነዋል። የሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ ሲደርስ ቲቸር ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ወንዶቹ ይንሾካሾካሉ፣ ከዚያ «ይህችን ቤታችሁ አንብቧት» ተብሎ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይታለፋል። መጽሐፉ ላይ ያለ ነገር ክፍል ውስጥ የለም። መምህሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይሄን እንዴት እንደሚያስተምር እሱንም ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ካሪኩለም ስንል መጽሐፉን ብቻ እያሰብን ከሆነ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ ካልተነካ፣ የምንጨምረው ሌላ «ቤታችሁ አንብቡት» የሚባል ምዕራፍ ነው።

17 ዓመት ከ11 ወር

ሕጉስ? አለ። ከምናስበው በላይም ጠንካራ ነው፤ በከፊል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1949ኙ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። የአሁኑ አንቀጽ 587 ጋብቻው ከተጠያቂነት አያድንም ይላል። ይሄ ለውጥ በራሱ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ እነ መዓዛ አሸናፊ፣ ያቺን የአርሲ ልጅ ጉዳይ ይዘው ፍርድ ቤት የቆሙበትና ለዓመታት የጮሁበት ነው።

ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ግብረ ሥጋ የፈጸመባት ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ሆና የራሱ ተማሪ ከሆነች፣ በአንቀጽ 626 መሠረት ከ5 እስከ 20 ዓመት። ተማሪ መሆኗ ቅጣቱን ያከብደዋል ማለት ነው። «ፈቅዳ ነው» የሚለው ክርክርም እዚህ ቦታ የለውም።

አሁን ልጅቷ 18 ሞላት እንበል። ያው 12ኛ ክፍል፣ ያው ዴስክ፣ ያው መምህር። ጉልበት ከተጠቀመ አስገድዶ መድፈር ነው፤ እሱ በየትኛውም ዕድሜ ይቀጣል። ግን ጉልበት ሳይጠቀም መምህርነቱን፣ ቀይ እስክሪብቶውን ተጠቅሞ ከሆነስ? አንቀጽ 625 ነው የሚመለከተው። አንቀጹ «መምህር» የሚለውን ቃል በግልጽ ይጠራል፤ ቅጣቱ ግን ቀላል እስራት ነው፣ ያውም የግል አቤቱታ ሲቀርብ። እሷ ካልከሰሰች ዐቃቤ ሕግ በራሱ አይነሳም። 17 ዓመት ከ11 ወር የሆናት ልጅና 18 የሞላት ጓደኛዋ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማትሪክ እየተዘጋጁ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዷ ከበስተጀርባዋ መንግሥት አለ፣ ሌላዋ ብቻዋን ናት። ዕድሜያቸው ዘግይቶ ትምህርት በሚጀምሩባቸው የገጠር አካባቢዎች ደግሞ 18 የሞላት ዘጠነኛ ክፍል ላይም አለች።

እጅ ያልተነሳበት፣ አልጋ ያልተደረሰበት ትንኮሳስ? የቃሉ፣ የመከተሉ፣ የ«ቢሮዬ ብቻሽን ነይ»ው? የወንጀል ሕጉ ይሄን በስሙ ጠርቶ የሚቀጣ አንቀጽ የለውም። የሚገርመው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አለው። አዋጁ ጾታዊ ትንኮሳን ይተረጉማል፣ ይከለክላል፣ የተተነኮሰች ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን እንድትለቅ መብት ይሰጣታል። ሠራተኛ ከሆነች። ተማሪ ግን ሠራተኛ አይደለችም። እዚያው ግቢ ውስጥ ያለችው የፋብሪካ ሳይሆን የትምህርት ቤት ልጅ ናትና ይሄ አዋጅ አያውቃትም። ትምህርት ሚኒስቴር በትምህርት ቤቶች ጾታን መሠረት ያደረገ ጥቃትን ለመከላከል የሥነ ምግባር መመሪያ ካዘጋጀ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እስቲ ከመካከላችሁ ያንን መመሪያ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተለጥፎ ያየ እጁን ያውጣ።

ዩኒቨርሲቲ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ግሬድ የሚባል መሣሪያ ይጨመራል። እዚያ ግን ቢያንስ ተማሪዎቹ ራሳቸው መናገር ጀምረዋል። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተነሳው የሎው ሙቭመንት ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስለዚህ ጉዳይ ፊት ለፊት ማውራት ይቻላል ብሎ አሳይቷል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለችው ልጅ ያንን ጠረጴዛ አላገኘችም።

ዝውውር የሚባል ቅጣት

እንግዲህ ልጅቷ ተማረች እንበል። ቃሉን አወቀች፣ መብቷን አወቀች፣ ደፈረችና (ይሄው ቃሉ መጣ) ልትናገር ተነሳች። ለማን?

ዩኒት ሊደሩ የሚያውቃት አርፋጅ ብሎ ነው። ሆም ሩም መምህሩ የሰውየው ጓደኛ ነው፤ አብረው ምሳ ይበላሉ። ርዕሰ መምህሩ የሚያስቡት የትምህርት ቤቱን ስም ነው። በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሴት መምህራን ጥቂት ናቸው፤ ሴት ርዕሰ መምህር ደግሞ ከእነሱም ታንሳለች። የሴቶች ክበብ አለ፤ ግን ብዙ ቦታ ማርች 8 ሲደርስ ግጥም የሚያቀርብ ክበብ ነው።

ብትናገር ደግሞ የሚሆነውን እናውቀዋለን። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ «የልጅቷም ስም ይጠፋል፣ የሰውየውም እንጀራ ይቆረጣል» ይባላል። መጨረሻው ዝውውር ነው። መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራል። ዝውውር ለእሱ ቅጣት ነው ይባላል፤ ለሚዛወርበት ትምህርት ቤት ልጆች ግን ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ፋይሉ አይከተለውም። አዲሱ ርዕሰ መምህር የሚያውቀው «የፊዚክስ መምህር መጣልን» የሚለውን ነው። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል ብትሉኝ የምመርጠው ይሄን ነው፦ በዚህ ጉዳይ ተከስሶ ማስረጃ የተገኘበት መምህር ዝውውር የሚባል መውጫ አይኑረው። ጉዳዩ የትምህርት ቤቱ ሳይሆን የፖሊስ ይሁን፤ የሽማግሌ ሳይሆን የዐቃቤ ሕግ። ይሄ ገንዘብ አያስወጣም፤ አንድ ደብዳቤ ነው። በውሸት የተከሰሰ መምህርም ቢሆን፣ ሹክሹክታ ይዞት ከሚሄድ ዝውውር ይልቅ በማስረጃ የሚያጣራ አካል ቢያገኝ ይሻለዋል።

ትምህርት ቤት ሊለወጥ እንደሚችል ሌላ ሀገር ታይቷል። ኡጋንዳ ውስጥ ሉዌሮ በተባለ ወረዳ በ42 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ጥናት ተሠርቶ ነበር። ግማሾቹ ሬይዚንግ ቮይስስ የተባለ ድርጅት ያዘጋጀውን «ጉድ ስኩል ቱልኪት» የተባለ አሠራር ለ18 ወራት ተከተሉ። አዲስ የትምህርት ዓይነት አልነበረም፤ መምህራኑ፣ ተማሪዎቹ፣ አስተዳደሩና ወላጆቹ አንድ ላይ የትምህርት ቤቱን ውሎ የሚቀይሩበት ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 በወጣው ውጤት፣ እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተማሪዎች በሳምንት ውስጥ በመምህር የመመታት ዕድላቸው በ42 በመቶ ቀንሷል። ልብ በሉ፤ የተለካው ዱላ እንጂ ጾታዊ ትንኮሳ አይደለም። ግን ዱላ ያለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅ አትናገርም። የሚያንበረክካትን ሰው አምና ሚስጥሯን አትነግረውም። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ ናቸው ብሎ ከጻፈ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ኮረቱ ግን አሁንም አለ።

ከተናገረች ትምህርቱ ይቀራል

የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ይመስለኛል።

ልጅቷ ቤት ሄዳ ብትናገርስ? ጥሩ አባት ነው እንበል፤ የሚወዳት። መጀመሪያ የሚለው «ከነገ ጀምሮ አትሄጂም» ነው። ፈርቶ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ልትመለስ ታክሲ ተሳፍራ የደረሰባትን፣ ከዚያም ማረፏን የሰማ ወላጅ ሁሉ የሚፈራው ያንን ነው። የገጠሩ አባት ደግሞ መንገዱን ያስባል፣ አንድ ሰዓት የእግር መንገድ፣ ጫካ፣ ወንዝ። «ስሟ ሳይጠፋ ልዳራት» የሚልም አለ።

ልጆቹ ይሄንን ያውቃሉ። ስለዚህ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም፤ ሂሳብም ነው። ትንኮሳውን ከተናገርኩ ትምህርቴን አጣለሁ፣ ዝም ካልኩ ትንኮሳውን ችዬ እማራለሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 የተሠራው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ውስጥ 66 በመቶዎቹ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም ይላል። እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ አዋቂዎች ናቸው። የ14 ዓመቷን አስቡ።

ስለዚህ ፖሊሲ የሚባለው ነገር መመዘን ያለበት በዚህ ነው፦ የተናገረች ልጅ ትምህርቷን ሳታጣ መቀጠል ትችላለች ወይ? ክፍል መቀየር ካለበት የሚቀየረው እሱ ነው ወይስ እሷ? ፈተና ካመለጣት ይደገምላታል ወይ? ሆስፒታል መሄድ ቢያስፈልጋት፣ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል ከወረዳዋ ስንት ሰዓት ይርቃል? በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ደግሞ ይሄን ጥያቄ እንኳ የሚጠይቁበት በር የላቸውም።

ወላጆች «የጾታ ትምህርት» ሲባል የሚደነግጡትንም ማለፍ አልፈልግም። ድንጋጤው እውነተኛ ነው። ብዙው ሰው «ልጄን ወሲብ ሊያስተምሩብኝ ነው» ብሎ ነው የሚሰማው፤ ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም የሚያነሱት ይሄንኑ ስጋት ነው። ለዚህ ግማሹ ጥፋት ጉዳዩን በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ጠቅልለው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻ ያወሩት ሰዎች ነው። ለእናቴ «ኮምፕሪሄንሲቭ» ምናምን ብትሏት አትሰማችሁም። «ልጅሽን ማንም ያለ ፈቃዷ እንዳይነካት፣ ከነካት ደግሞ መጥታ እንድትነግርሽ እናስተምራት?» ብትሏት ግን ቡና አፍልታ ነው የምትቀበላችሁ። ይሄ ከየትም የመጣ ባህል አይደለም፤ የሷው ጭንቀት ነው። ቄሱና ሼኩም በዚህ ቋንቋ ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ባለፈው ምዝገባ ላይ የእህቴን ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ላስመዘግብ ሄጄ ነበር። ፎርሙ የደም ዓይነቷን ሳይቀር ይጠይቃል። ሞልቼ ስጨርስ ጸሐፊዋን ጠየቅኳት፦ «ልጅቷን እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ቢያስቸግራት፣ ለማን ነው የምትናገረው? ስሙን ብትነግሪኝ።» እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ የተጠየቀች አትመስልም። ትንሽ አሰበችና «ለዩኒት ሊደሩ ትናገራ» አለችኝ።

ስወጣ በር ላይ አየሁት። የማካካሻ ትምህርት የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ያረፈዱትን እያንበረከከ ነበር።